ሐዋሳ ላይ የሚጠበቀው የቦሌ ወረፋ

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን ተሳፋሪውን ጭኖ በሩን ዘግቷል፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ካፒቴኑ «ከአዲስ አበባ ፈቃድ እየጠበቅን ነው» አለና ዝም አለ። ከፊት ወንበር ነጠላቸውን ያጣፉ እናት አስተናጋጇን ጠርተው «ልጄ፣ እዚህ ዝናብ የለ፣ ጉም የለ፤ ምኑ ነው የዘጋው?» አሏት። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ የአየር ትራፊክ ስለበዛ ነው» አለቻቸው። «ሰማይ ላይ ደግሞ ምን ትራፊክ አለ?» ብለው በመስኮቱ ወደ ላይ አዩ። ከአባ ኮዳ በቀር የሚበር ነገር አይታይም ነበር።

ጥያቄያቸው ከዚያ ወዲህ ይከነክነኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ መልስም አለው፤ መልሱን ግን እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚነግረው የለም። በረራ ዘገየ ሲባል ሰው የሚጠረጥረው ብልሽት ነው፣ አለዚያም የሠራተኛ ቸልተኝነት፣ አለዚያም ያልደረሰ ባለሥልጣን። ምክንያቱን ሐዋሳ ላይ መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጥበቱ ያለው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቦሌ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የሚጠበው ሰማዩ በሙሉ አይደለም። የሚጠበው አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት ራንዌዩ፣ ወደ ራንዌዩ የሚያስገባው የመጨረሻው መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አውሮፕላን ልክ ያለው የአንድ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አእምሮ ነው።

## አቅም የሚባለው ቁጥር ከየት ይመጣል

የአየር ትራፊክ ፍሰት አመራር ሲጠቀለል ሁለት ቁጥር ማስተያየት ነው፦ በዚህች ሰዓት ስንት አውሮፕላን መምጣት ይፈልጋል፣ ስንቱንስ መቀበል ይቻላል። ፍላጎቱ ከበረራ ፕላኖች ይገኛል። አስቸጋሪው አቅሙ ነው። ብዙ ሰው ቋሚ ነገር ይመስለዋል፤ በተግባር ግን በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

ከራንዌይ እንጀምር። ለማረፍ የመጨረሻውን መስመር የያዘ ጄት በመሬት ላይ ሲለካ በ160 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 160 ኖቲካል ማይል ይመጣል እንበል። ከፊቱ ካለው በ5 ኖቲካል ማይል (9 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከራቀ በየ1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገደማ አንድ አውሮፕላን ይደርሳል፤ በሰዓት 32 መሆኑ ነው። ርቀቱ ወደ 8 ማይል ሲሰፋ በየ3 ደቂቃው አንድ፣ በሰዓት 20 ብቻ ይሆናል። 3 ማይል ተጨመረ፣ 12 አውሮፕላን ከሰዓቱ ወጣ።

ርቀቱን ከሚያሰፉት ነገሮች አንዱ ከባድ አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው የአየር አዙሪት ነው። ከፍተኛው የመነሻ ክብደቱ 136 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ «ከባድ» ይባላል፤ ቦይንግ 777 እና 787፣ ኤርባስ ኤ350 እዚህ ይመደባሉ። የሐዋሳ መስመር የለመዳት ዳሽ 8 ኪው 400፣ ሰው ቦምባርዲየር የሚላት፣ 30 ቶን አትሞላም፤ ምድቧ «መካከለኛ» ነው። መካከለኛዋ ከከባዱ ኋላ ስትመጣ ቢያንስ 5 ማይል ሊተውላት ይገባል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቦምባርዲየሯ ከፊት ሆና በ140 ኖት ስትሄድ ጄቱ በ160 ከኋላ ይደርስባታል፤ በ10 ማይል ጉዞ ብቻ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ያጠብባታል። ተቆጣጣሪው ይህን አስቀድሞ አስቦ ክፍተቱን ማስፋት አለበት። ተመሳሳይ አውሮፕላኖችን አከታትሎ ማስገባትና ትልቅና ትንሹን እያፈራረቁ ማስገባት በፍጹም አንድ አይደሉም። ቦሌ ደግሞ ሁሉም ዓይነት የሚገናኝበት ቦታ ነው።

ከፍታውም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት የሚያሳየው አውሮፕላን በእውነቱ ወደ 160 ተጠግቶ ነው የሚያርፈው። ፈጥኖ ያረፈ ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል፤ እሱ ከራንዌዩ ሳይወጣ ደግሞ ቀጣዩ አያርፍም። «ሁለት ራንዌይ እያለ?» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አሉ፤ ግን ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው። በዓለም አቀፉ ደንብ ሁለት ትይዩ ራንዌዮች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በመሣሪያ እየተመሩ የሚመጡ አውሮፕላኖችን እንዲቀበሉ በመካከላቸው ቢያንስ 1,035 ሜትር ያስፈልጋል። ከ760 ሜትር በታች ከሆነ በአየር አዙሪቱ ሒሳብ እንደ አንድ ራንዌይ ነው የሚታዩት። አንዱን ለመነሻ፣ አንዱን ለማረፊያ መስጠት ብዙ ይረዳል፤ አቅምን ግን እጥፍ አያደርግም።

ወደ ላይ፣ ወደ ሰማዩ ስንወጣ ሒሳቡ ከራንዌይ ወደ ሰው ይዞራል። ሰማዩ በሴክተር ይከፋፈላል፤ አንዱን ሴክተር አንድ ተቆጣጣሪ በራዲዮ ይመራዋል። በሙያው የታወቀ አንድ መነሻ ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን 36 ሰከንድ የተቆጣጣሪ ሥራ ይታሰባል። አንድ አውሮፕላን ሴክተሩን ለማቋረጥ በአማካይ 6 ደቂቃ፣ ማለትም 360 ሰከንድ ከፈጀበት፣ በአንድ ጊዜ ሊያዝ የሚገባው 10 ነው። ይህ መነሻ ብቻ ነው። የሚወጣና የሚወርድ ሲበዛ፣ መስመሮች ሲሻገሩ፣ አብራሪዎች ደመና ለመሸሽ ቀኝ ግራ ሲጠይቁ፣ ያ 36 ሰከንድ ወደ 50 እና 60 ይሄዳል፤ 10 የነበረው ወደ 7 እና 6 ይወርዳል። ሰማዩ አልጠበበም፤ ሰውየው የሚናገርበት ጊዜ ነው ያለቀው።

ራዳር በሌለበት የሚሠራ ከሆነ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። በአንድ ከፍታ፣ በአንድ መስመር ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት ጄቶች በራዳር 5 ማይል ሊበቃቸው ይችላል። ያለ ራዳር የተለመደው 10 ደቂቃ ነው፤ በ480 ኖት ሲሰላ 80 ማይል። ስለዚህ አንድ የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል የራሱን አቅም ብቻ ሳይሆን የጎረቤት አገሩን ማዕከልም ማወቅ ግዴታው ነው። ጎረቤት «ከ10 ደቂቃ በታች አትስጠኝ» ካለ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የመነሻ ሰዓት ላይ ያርፋል። ጎረቤት ጨርሶ ሲዘጋማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ የታየው ነው፤ በካርቱም ሰማይ ያልፍ የነበረው ሁሉ በቀሩት በሮች ላይ ተከመረ።

አቅም የሚጨመርበትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 በአፍሪካ ሰማይ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ከፍታ በአውሮፕላኖች መካከል የሚተወው ቁመት ከ2,000 ወደ 1,000 ጫማ ዝቅ ሲል፣ 7 የነበሩት ደረጃዎች 13 ሆኑ። ትልቅ እፎይታ ነበር። ለሐዋሳዋ ቦምባርዲየር ግን ያን ያህል አልጠቀማትም፤ እሷ 29,000 ጫማ አትደርስም፤ ስትወርድ ደግሞ ከላይ ከተንበሸበሹት ጋር እዚያው አንድ ራንዌይ ላይ ትገናኛለች።

## ውሳኔው የሚወሰንባት ሰዓት

የቦሌ ቀን እኩል የተዘረጋ አይደለም። ማለዳ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የመጡት ያርፋሉ፤ ረፋድ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይነሳሉ፤ ማታ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሌሊት ሌሎቹ ይወጣሉ። ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ የሚሳፈረው መንገደኛ እንዲገናኝ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። የአገር ውስጥ በረራዎችም እነዚህኑ ሰዓቶች ተከትለው ይመጣሉ፤ ከሐዋሳ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ሰው ማታ ቦሌ መድረስ አለበትና።

አሁን አንድ የክረምት ከሰዓት እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት 30 አውሮፕላን ሊያርፍ ይፈልጋል፣ በየ2 ደቂቃው አንድ። ራንዌዩ በሰዓት 24 ይቀበላል፣ በየ2 ደቂቃ ተኩሉ አንድ። የመጨረሻው፣ 30ኛው፣ 15 ደቂቃ ይዘገያል። ይህ የሚቻል ነው፤ ትንሽ ፍጥነት በመቀነስና መስመር በማስረዘም ይዋጣል። አሁን በስተምሥራቅ ነጎድጓዳማ ደመና መጣና አቅሙ ወደ 16 ወረደ እንበል፣ በየ3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አንድ። 30ኛው አሁን 52 ደቂቃ ተኩል ይዘገያል። አቅሙ የቀነሰው በሲሶ ነው፤ መዘግየቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ይህችን ሒሳብ ያልያዘ ሰው «ትንሽ ዝናብ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስቆማል?» ማለቱ አያስደንቅም።

እኔን የምትይዘኝ ሰዓት ግን ዝናቡ የሚዘንብባት አይደለችም፤ ከዚያ በፊት ያለችው ናት። ከሐዋሳ ቦሌ በአየር ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መንደርደሪያውን ጨምሮ 50 ብንለው፣ 12 ሰዓት ላይ ሊያርፍ የታሰበው በረራ 11 ሰዓት ከ10 ላይ መነሳት አለበት። ስለዚህ የፍሰት ውሳኔ የሚወስነው ሰው ከ11 ሰዓት ከ10 በፊት መወሰን ግድ ይለዋል። ያኔ ደግሞ ደመናው ገና አልደረሰም። በራዳሩ ላይ ይታያል፤ ወዴት እንደሚዞር ግን እርግጥ አይደለም። ናይሮቢ 2 ሰዓት ስለሚርቅ እሱን ማስቆም ቢፈለግ ውሳኔው ከ10 ሰዓት በፊት መሆን ነበረበት፤ አልፏል። ከጆሃንስበርግ የተነሳው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ አየር ላይ ነው።

ሁለት ስህተት ከወሳኙ ሰው ፊት አለ። አስቁሞ ደመናው ሳይመጣ ቢቀር፣ ሰው በከንቱ ጠበቀ፤ ራንዌዩም ባዶ ደቂቃ አሳለፈ። ያለፈ ባዶ ደቂቃ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ሳያስቆም ቀርቶ ደመናው ቢመጣ፣ ከዐሥር በላይ አውሮፕላን በየ1,000 ጫማው ተደራርቦ በአየር ላይ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 4 ደቂቃ ገደማ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ወደ አማራጭ አየር ማረፊያ የሚያደርሰውን ነዳጅና ከዚያ በላይ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይዟል። ይህን መጠባበቂያ መንካት ሊመጣ እንደሚችል ሲታይ አብራሪው «ሚኒመም ፊውል» ይላል፤ መንካቱ አይቀሬ ሲሆን «ሜይዴይ ፊውል»። አንዱ «ሜይዴይ» ካለ ቅድሚያ ያገኛል፣ የሌሎቹ ዙር ይረዝማል፣ የእነሱም ነዳጅ ወደዚያው ይሄዳል። አንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላው ወደ ናይሮቢ ይዞራል። በአንድ ተቆጣጣሪ እጅ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ነው የሚያስፈራው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ 11 ሰዓት ከ10 ላይ ሐዋሳ የቆመው አውሮፕላን ነው።

## ለምን ሁልጊዜ አጭሩ በረራ

ከ30ዎቹ 14ቱ ውሳኔው ሲወሰን አየር ላይ ናቸው እንበል። አየር ላይ ያለን መሬት ላይ ማስጠበቅ አይቻልም። ከ16 ቦታ 14ቱን እነሱ ወሰዱ፤ ገና ላልተነሱት 16 አውሮፕላኖች በዚያች ሰዓት የተረፈው 2 ቦታ ነው። ሐዋሳ፣ ጂማ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር የሚሻሙት በዚህ ነው። ሐዋሳ በተራዋ የምትቆመው ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎች አድማ መትተው ሲባረሩ፣ የቀሩት ሰማዩን ከተሸከሙባቸው መንገዶች አንዱ አውሮፕላኖችን በመነሻቸው ማስጠበቅ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ዛሬ ብራስልስ ያለው ማዕከል ለእያንዳንዱ ለተገደበ በረራ የመነሻ ሰዓት ያሰላል፤ ከዚያች ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድሞ እስከ 10 ደቂቃ ዘግይቶ ድረስ መነሳት ይቻላል። ካመለጠ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የሕክምና በረራና መሰሎቹ ከገደቡ ነጻ ናቸው። አገባቡ ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ቀድሞ ለታቀደ ነው። በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት የምናውቀው ነው፤ ወረፋህ ከተያዘልህ ጆንያውን ተሸክመህ ደጅ ከምትቆም ቤትህ ጠብቀህ በተራህ ትመጣለህ። 777 በአየር ላይ ሲዞር በ10 ደቂቃ አንድ ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል፤ ቦምባርዲየሯ ሐዋሳ ላይ ሞተሯን አጥፍታ ስትቆም የምትበላው ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

እስከዚህ ድረስ አምናለሁ፤ የምቃወመው ቀጥሎ ያለውን ነው። በነዳጅና በደኅንነት ሚዛን ትክክል የሆነው በየቀኑ በአንድ ከተማ ሰው ላይ ሲወድቅ ፍትሐዊ አይሆንም። የ40 ደቂቃ በረራ አንድ ሰዓት ሲጠብቅ፣ ዋጋው ከነዳጅ ወደ ሰው ዞረ ማለት ነው፤ የሌሊቱ የውጭ በረራ ያመለጠው ሐዋሳዊ ነው የከፈለው። መፍትሔ የለውም የሚባል ነገርም አይደለም። ለአንድ በረራ የሚጫነው መዘግየት ላይ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ከጣሪያው የተረፈውን አየር ላይ ያሉት 14ቱ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ በፍጥነት ቅነሳ ይካፈሉት። 2 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን ፍጥነቱን ቀደም ብሎ ትንሽ ቢቀንስ ብዙ ነዳጅ ሳያባክን 5 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጎረቤትን ማስገባት ነው። ሲንጋፖር፣ ታይላንድና ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሞከሩት ይህንኑ ነው፦ አንድ የበላይ ማዕከል ሳይኖር፣ የጠበበው አየር ማረፊያ የመነሻ ሰዓት ያወጣል፤ ጎረቤቶቹ ያከብሩለታል። ናይሮቢ፣ ኢንቴቤና ጂቡቲ ለቦሌ፣ ቦሌም ለእነሱ እንዲህ ቢያደርጉ የሐዋሳ ሸክም በግልጽ ይቀላል።

## ዝናቡ ቀድሞ ሲያባራ

ብዙ ሰው የማያስተውለው የሥራው ክፍል መልቀቁ ነው። ደመናው 12 ሰዓት ከ20 ላይ ተገፎ አቅሙ ወደ 24 ቢመለስ፣ ያን የተገኘ ቦታ ማን ይሙላው? ሩቅ ያለው አይደርስም። የሚደርሰው ቅርብ ያለው ነው፤ ሐዋሳ እንደገና የመጀመሪያዋ ትሆናለች፣ በዚህኛው ግን ለጥቅሟ። ሆኖም ያኔውኑ ብትለቀቅም 50 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጥሩ የፍሰት ሰው ሁሉንም መሬት ላይ አያስቀርም፤ ሁለት ሦስት አውሮፕላን አየር ላይ በዙር እንዲቆይ አስቦ ይተዋል፣ ራንዌዩ ድንገት ሲከፈት የሚገባ እንዲኖር።

በሩ ተዘግቶ ሰው ተቀምጦ የሚጠበቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ቡና ሊጠጣ ቢበተን፣ እንደገና ለመሰብሰብና ለመቁጠር 20 ደቂቃ ይሄዳል፤ የተሰጠው ቦታ ያመልጣል። በእኔ እምነት ጥበቃው ከግማሽ ሰዓት በላይ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ሰውን በወንበር ማሰር ትክክል አይደለም፤ ሰዓቱ ከታወቀ ተርሚናሉ ውስጥ መጠበቅ ይቻላል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር አይደለም። የዘገየ በረራ ፕላኑን ሳያስተካክል ሲቀር በሰሌዳው ላይ የሌለ ፍላጎት ይታያል፤ ደንቡ ከታቀደው መነሻ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚዘገይ ሁሉ እንዲያሳውቅ ያዛል፣ ችላ ሲባል ለሌለ አውሮፕላን ቦታ ተይዞ ይቀራል። ሰዓትም አለ። በረራ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ቲኬቱ 17:10 ይላል፤ እኛ 11 ሰዓት ከ10 እንላለን፤ የተቆጣጣሪው ሰሌዳ 14:10 ያሳያል። በስልክ ሲነገር የትኛው እንደሆነ አብሮ ካልተጠራ አንድ ቦታ በቀላሉ ይጠፋል።

ለተሳፋሪው የሚነገረውም ከዚህ ሥራ የተለየ መሆን የለበትም። «ቦሌ ላይ ነጎድጓድ አለ፤ የሚያርፈው በሰዓት ወደ 16 ወርዷል፤ ለእኛ የተሰጠን መነሻ 11 ሰዓት ከ50 ነው፤ 11 ሰዓት ከ30 ላይ መልሼ እነግራችኋለሁ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ አስተናጋጆቹ የውጭ በረራ የሚጠብቃቸውን ሰዎች ቆጥረው፣ ስንት ሰው በየትኛው በረራ እንደሚያያዝ ለአየር መንገዱ የሥራ ማዕከል ያስተላልፉ። በአውሮፓም በአሜሪካም አየር መንገዶች የራሳቸውን ሁለት በረራዎች ቦታ ማቀያየር ይፈቀድላቸዋል። ከሐዋሳ 20 የሚያያዝ መንገደኛ የያዘ በረራ እና ከሌላ ከተማ አንድም የማይያያዝ ሰው የያዘ በረራ ካሉ፣ ተራቸው ይቀያየራል፤ ራንዌዩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፣ ለተቆጣጣሪውም ቁጥሩ ያው ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ከሐዋሳ የሚላከው ዝርዝር የመነሻው ሰዓት ከመድረሱ ከ20 ደቂቃ በፊት አዲስ አበባ መድረሱ ነው።